ባዶ ወንበር ያዘናጋል

አጎቴ ፖከር ስንጫወት ሰው ከጠረጴዛው በተነሳ ቁጥር ባዶውን ወንበር በእርግጫ ብለው ይጥሉት ነበር። "ባዶ ወንበር ያዘናጋል!" ይላሉ። "ወንበሩ እስካለ ሰውየው ያለ ይመስልሃል። ትልቅ ካርታ ስትጠብቅ ታልቃለህ።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሆነን በባቄላ እንወዳደር ነበር፤ ባቄላው ያለቀበት ይነሳል። አንድ ቀን ሦስት ቀርተን ጃክና ዘጠኝ ደረሰኝ። "አይረባም" ብዬ ጣልኩት። አጎቴ ኮሌታዬን ይዘው አነቁኝ።

"ለስድስት ሰው አይረባም! አሁን ሦስት ነን፤ ማን ኪንግ ይዞ ይጠብቅሃል? ሰው ሲያንስ ጃክም ንጉሥ ነው!"

የሸሚዜ ቁልፎች ወለሉ ላይ ተበተኑ። አንዱን ባዶ ወንበር ደግሞ ከግድግዳ ጋር አላትመው ሰበሩት። ያን ቀን ጠላኋቸው፤ አልዋሽም።

አጎቴ ካረፉ በኋላ በሠልስታቸው፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ግቢያቸው ውስጥ በተተከለው ድንኳን፣ የለቅሶ ቤት ወግ ነውና የቀረነው አምስታችን ካርታ ያዝን። የሳቸው ወንበር ቦታው ላይ ነበር። ጃክና አስር ደረሰኝ። ካርታውን ግን ማንም ልብ አላለውም፤ ሁላችንም የምናየው ወንበሩን ነው። ልጥለው ተነሳሁ፤ እግሬ እምቢ አለኝ።

ባለቤታቸው ከቤት ወጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ መጥተው ወንበሩን በእርግጫ ሲሉት ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ተላተመ።

"ምን ታፈጣላችሁ?" ብለው ጮኹ። "እናንተ አምስት ቀርታችኋል፤ እኔ አንድ ነኝ! ተጫወቱ!"

ጃኩን አልጣልኩትም።