ቀጥ ብሎ የወጣው ጭስ

ወሬኛ ነበርኩ፣ ልጅ ሳለሁ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ምላሷ ከእግሯ ይቀድማል» እያለች ታወራብኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ተረት ሲነገረኝ እንኳ አርፌ አልሰማም፣ በየመሐሉ «ከዚያስ?» እያልኩ ተራቹን አሰለቸዋለሁ። ይህን አመሌን የሚወዱልኝ የእናቴ አባት ብቻ ነበሩ። አባባ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የሚኖሩ ቀዛፊ ነበሩ። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ ከናዝሬት በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ እሳቸው በእንጨት ጀልባቸው ዳርቻ ድረስ መጥተው ይቀበሉኛል።

ያ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ አመሉ ይከፋል። ነፋስ ሲነሣ አባባ ሰው ወደማይኖርባት አንዲት ድንጋያማ ደሴት ጥግ ይጠጉና በገመድ የታሰረውን ትልቅ ድንጋይ ውኃ ውስጥ ይጥላሉ፤ ጀልባዋ እሱን ይዛ ትቆማለች። እኛ ወርደን እሳት እናነዳለን፣ ቆሮሶ ዓሣ እንጠብሳለን፣ ነፋሱ እስኪበርድ ደግሞ ተረት አለ። እሳቱ ለዓሣው ብቻ አልነበረም። ከዚያች ደሴት አንድ ጭስ ሲታይ ቤት ያሉት «ነፋስ ይዟቸው ነው፣ ደኅና ናቸው» ብለው ይረጋጋሉ። ሁለት ጭስ ከታየ ግን ክፉ ነገር እየመጣ ነው ማለት ነው። ይህን አባባ ነግረውኝ ነበር እንጂ ሁለት ጭስ አይቼ አላውቅም።

ያየሁት ብሔራዊ ውትድርና በመጣበት ዘመን፣ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ስሙ ቀበሌያችን ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ወደ አባባ ደሴት ሸሽቶ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል፣ እናቱ የምትቀብረው እንኳ አላገኘችም። እናቴ አውቶቡስ ስታሳፍረኝ ጆሮዬን ቆንጥጣ «ስለ ደረጀ ትንፍሽ ብትዪ ወንድም የለሽም» አለችኝ። እኔ ደግሞ አፌን አውቀዋለሁ፤ መንገዱን ሙሉ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሄድኩ።

ዳርቻው ላይ አባባ ብቻቸውን አልነበሩም። ካኪ የለበሰ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ካድሬና አንድ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ጀልባዋ ላይ ተቀምጠዋል። ካድሬው ጉልበቱ ላይ የስም ዝርዝር ዘርግቶ፣ ወደ ደሴቱ የሸሹ ወጣቶችን ለቅሞ እንደሚመለስ ያለ ምንም ይሉኝታ ይናገራል። አባባ «እሺ ጓድ» አሉና መቅዘፍ ጀመሩ። እኔም እጄን መልሼ አፌ ላይ አደረግሁ።

ሐይቁ መሐል ስንደርስ ነፋሱ ተነሣ፤ ይኼ የአባባ ተንኮል አልነበረም፣ የእግዜር ነው። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አቅፎ ያስታውክ ጀመር። ካድሬውም ጀልባዋን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ፊቱ ገረጣ። አባባ እንደ ልማዳቸው ከትንሿ ደሴት ጥግ ድንጋያቸውን ጣሉ፣ ወረድን፣ እሳት ነደደ፣ ዓሣው ተጠበሰ። ከዚያ አባባ ከውኃው ዳር እርጥብ የፊላ ሣር አጭደው ራቅ ብለው ሌላ እሳት አነደዱ።

«ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለ ካድሬው።

«ትንኝ እንዳትበላችሁ ነዋ» አሉ አባባ፣ እንደ ዋዛ። ሁለት እሳት፣ ሁለት ጭስ መሆኑ ነው። የተረቱም ነገር ተጀመረ።

አንበሳ ጉማሬን «ልጆችሽን ላኪልኝ፣ ደጄን ይጠብቁልኝ» አላት። ጉማሬዋም «እሺ ጌታዬ፣ ግን ጆሯቸውን እየታጠቡ ነው» ብላ መለሰች። በማግሥቱ ሲልክባት «ቀኙ አልቋል፣ ግራው ቀርቷል» አለች። በሦስተኛው ቀን ግራውን ሲያጥቡ ቀኙ ቆሸሸ። አባባ እንዲህ እያሉ፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ያን ሁሉ በካድሬው ፊት ይናገሩ ነበር። ካድሬው ሳቀ። «አንበሳው ምን ዓይነት ቂል ነው» አለ፣ የዓሣ እሾህ እየተፋ።

ያኔ ነው ቀና ብዬ ጭሶቹን ያየሁት። ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ ይወጡ ነበር። ነፋሱ ከቆመ ቆይቷል። ሁለቱ የከተማ ሰዎች ጭሱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ምንም አላዩም።

«አባባ፣ ነፋሱ…» ብዬ ጀመርኩ፤ አመሌ አይደል። አባባ አላዩኝም፣ ሰፊ እግራቸውን ብቻ እግሬ ላይ አሳረፉ።

«ምን አለች?» አለ ካድሬው።

ወንድሜ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ከዚያስ?» አልኩ። «ጉማሬዋ በአራተኛው ቀን ምን አለች?»

አባባ ዓይናቸው ሳቀ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ያላለችው አለ?» አሉና ቀጠሉ። እኔም ቀጠልኩ። በሕይወቴ ያን ያህል «ከዚያስ?» ብዬ አላውቅም፤ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠየቅሁ። በመጨረሻ ካድሬው ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ውኃውን አየ። ውኃው እንደ ተነጠፈ ሰሌን ተኝቷል። «አንቱ» ማለቱን ያኔ ተወ።

«ተነሥ! ምን ትጠብቃለህ?»

«እኔ የጣልኩትን ድንጋይ የማነሣው እኔ ነኝ፣ ጓድ» አሉ አባባ፣ ረጋ ብለው። «ውኃው አይመስልህ፣ ያታልላል።» ከዚያም እጃቸውን ታጥበው፣ ሁለቱን እሳት አንድ በአንድ አጥፍተው፣ ፋኖሱን ለኩሰው ድንጋዩን አነሡ።

ደሴቱ ላይ ስንደርስ የተቀበሉን ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ወጣቶቹ በፊላ ታንኳ ወደ አርሲ ዳርቻ ከተሻገሩ ቆይተዋል። ካድሬው አባባን በጥፊ መታቸው፣ እኔ እያየሁ። «ነፋስ ነው ያቆየን፣ ነፋሱን እሰረው» አሉት። እሱ ግን ነፋሱን ትቶ እሳቸውን አሰረ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተለቀቁ። ዳርቻው ላይ ከአክስቴ ጋር ስንጠብቃቸው ፀጉራቸው ተላጭቶ፣ አንድ ዓይናቸው አብጦ መጡ። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ጀልባዋ ላይ ወጡና መቅዘፊያቸውን አንሥተው «ጉማሬዋን የት ላይ ነበር የተውናት?» አሉኝ።

ደረጀ ዛሬ መቂ ሽንኩርት ያመርታል፤ አምስት ልጆች አሉት፣ ቦርጩም አያድርስ ነው። አባባ ተረቱን ሳይጨርሱት ሞቱ፣ እኔም የተከፈተውን አልዘጋሁትም። በዚያን ዘመን ሁሉም ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር ሲሉኝ እናደዳለሁ። ሁሉም አልደፋም፤ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ፊት ተቀምጦ ዓሣ ሲጠብስ በዓይኔ አይቻለሁ። የደረጀ ትንሿ ልጅ አመሏን ከእኔ ወርሳለች፣ ያን ተረት ስነግራት «ከዚያስ? አንበሳው አሁንም እየጠበቀ ነው?» ትለኛለች።

«አንበሳው ሞቷል» እላታለሁ። «ጉማሬዋ ግን ልጆቿን ገና እያጠበች ነው።»