ስንጥቅ ላይ የተለጠፈ መስታወት

አዲሱ ቤት ተገብቶበት ሳይከርም የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ተሰነጠቀ። ሠራተኛው መጥቶ ቀየረው፤ አዲሱም በዚያው መስመር ተሰነጠቀ።

ቀጥሎ ያደረገው ግሩም ዘዴ ነው። ሴራሚኩን አንስቶ፣ ከሥሩ ባገኘው የግድግዳ ስንጥቅ ላይ ስስ መስታወት በጄሶ አጋድሞ ለጠፈ። ሴራሚክ በሙቀትም፣ በመጥፎ ማጣበቂያም ይሰነጠቃል። እንዲህ የተለጠፈ መስታወት ግን የሚሰበረው ግድግዳው ራሱ ሲንቀሳቀስ ነው።

ሰውየው በር ሲዘጋ ይደነግጣል። ምሳውንም ውጭ ቆሞ ይበላል።

“ጌታው፣ ጣራችን ይነክሳል እንዴ?” አለችው የቤቱ እመቤት እየሳቀች።

“ወንድሜም እንዲሁ ይቀልድብኝ ነበር፣ እትዬ። ጣራ እስኪጫነው ድረስ።”

ዛሬ ጠዋት መስታወቱ ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። አሁን ሰውየው መሣሪያውን ጥሎ፣ የእመቤቲቱን የተኛ ሕፃን ከነብርድ ልብሱ አቅፎ ወደ ውጭ እየተጣደፈ ነው።

“ዕቃውን ይተዉት እትዬ፣ ይከተሉኝ!”