የሞጣው የተርቦች ዳገት

ሰኞ ጠዋት ከቢቸና የተነሣሁት በጭነት መኪና ነው፤ በሁለት ብር ተስማምቼ የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። መስከረም እያለቀ ነበር። ሞጣ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ደመላሽ፣ «መሬት ቆፍረው የሚኖሩት ተርቦች እዚህ አሉ፤ ሰው ግን አፈሩን እየቆፈረ ስለሆነ ቶሎ ካልመጣህ አታገኛቸውም» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። እኔ የሳይንስ መምህር ነኝ። እነዚህ ተርቦች ትል አድነው ጉድጓዳቸው ውስጥ ለልጆቻቸው ያስቀምጣሉ። ከቢቸና ከጠፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

ግንደወይን ሳንደርስ መኪናውን ጭቃ ያዘው። ወርደን ገፋን። ግንደወይን ላይ ሽሮ በልቼ ጉዞ ቀጠልን፤ ግራና ቀኙ ሁሉ የታረሰ ነው። ሲመሽ ሞጣ ገባን።

ማክሰኞ ጠዋት

ደመላሽ ከወንዙ በላይ ያለውን ሣር የሌለበት ዳገት አሳይቶኝ ለተማሪዎች ምዝገባ ተመለሰ። አንዲት አሮጊት በዶማ ለልስን የሚሆን አፈር ይቆፍራሉ። ስማቸው እማማ የሺ ነው፤ ክረምቱ የቤታቸውን ልስን አራግፎባቸዋል።

«እማማ፣ እዚህ ባይቆፍሩ?» አልኳቸው።

«ለምን? የማንም መሬት አይደለም።»

ተርቦቹን ለማየት ከቢቸና መምጣቴን ነግሬ፣ ቁጢጥ ብዬ አሳየኋቸው። አንዲት ጥቁር ተርብ ከራሷ የሚበልጥ አረንጓዴ ትል እየጎተተች ጉድጓዷ ገባች።

«ጎመኔን የፈጀው ትል ነው» አሉና ጎንበስ ብለው አዩ። «በናንተ አገር የሉም?»

«ነበሩ። ተማሪዎቹን ይነድፋሉ ብዬ ጉድጓዳቸው ላይ ላምባ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

«ነድፈው ነበር?»

«አንድም ልጅ አልነደፉም።»

ዶማቸውን አነሡ። «ሌላው አፈር ታች ወንዙ ዳር ነው። ተሸክሞ እስከ ቤቴ ይህን ዳገት ማን ይወጣዋል?»

«ዛሬ እኔ እሸከማለሁ።»

ሳቅ አሉ። እስኪመሽ በአቁማዳ ስናመላልስ ዋልን። በሦስተኛው ምልልስ ሸክሜን አውርጄ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ቀድመውኝ ይወጡ ነበር።

ስንለያይ፣ «እኔ እዚያ አልቆፍርም፤ ለጎረቤቶቼም እነግራለሁ። እምቢ ካሉኝ ግን ምን አደርጋለሁ?» አሉኝ። አቁማዳውን አራግፌ ሰጠኋቸው።

ረቡዕ ከሰዓት

ቢቸና ቤቴ ስገባ ትከሻዬ አብጧል። የሄድኩት ተርቦቹን አይቼ ሰው ልመክር ነበር። ምክሬ እኔን ያደከመኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እማማ የሺ ግን ግድግዳው እስኪለሰን ያን ዳገት ይወጣሉ። ስለ ተርቦቹ ማውራት ቀላል እንደሆነ፣ ሸክሙ ግን ሌላ ሰው ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ሻንጣዬን ሳልፈታ ለደመላሽ ጻፍኩ፦ «ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ወደ ወንዙ ውረድ። አፈሩን ለእማማ የሺ ተሸከምላቸው፤ አቁማዳው እሳቸው ዘንድ አለ።»