ጉማሬ የበላው የሽምግልና ሳር

እኩያዬ ዘካሪያስ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ ሲጥል አዞ ታንኳውን ገለበጠበት። ከግራ ክንዱ ሥጋ ዘንጥሎ ወሰደ፤ እሱ በቀኙ እየዋኘ ወጣ። ልጃቸውን ለትዳር የጠየቃቸው የደጋው ገረሴ ሰው «ዓሳ ለሚሸት ልጄን አልሰጥም» ብለው ነበርና፣ አዞውን በልባቸው ሳያመሰግኑት አልቀሩም።

አባቶቻችን ከጫሞ የሚፈልጉት ለከብት ውሃ፣ ለአለንጋ የጉማሬ ቆዳ ነበር። ኋላ ዓሳው በበረዶ ታሽጎ አዲስ አበባ መሄድ ጀመረ፤ የገረሴው ሰውም ልጃቸውን ለዘካሪያስ ድረው ዓሳ ጉላሽ ወደዱ። ከዚያ ፈረንጅ በጀልባ እየዞረ አዞ ያይ ጀመር፤ ዘካሪያስን የነከሰው ዘር ደመወዝተኛ ሆነ። የሙዝ አትክልተኛው ደግሞ የውሃ ሞተር ተከለ። ሐይቁም ከሁላችን ሸሸ።

ዘንድሮ የዘካሪያስ የእህቱ ልጅ ባርኮት፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ገዝቶ ቆሮሶ የምንለው ዓሳ እንቁላል በሚጥልበት ጥግ ሊያጠምድ ተነሣ። ያ ጥግ ከታጨደ ለከርሞ ዓሳ የለም። ምክር አልሰማ ሲለው ዘካሪያስ የጋሞን ሥርዓት ያዘ፤ ሽማግሌ ያስቀመጠውን እርጥብ ሳር ማንም አይሻገርም። አመሻሽ ላይ ሳሩን ከባርኮት ጀልባ ፊት አነጠፈና ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ። ዕድሜውን ሐይቅ ዳር የፈጀ ሰው፣ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ እንደሚወጣ ረሳ!

ጠዋት ስንደርስ ሳሩ የለም፤ ዳና ብቻ።

«አጎቴ፣ ሕጉ ተበልቷል» አለ ባርኮት። «ጉማሬው ፈቅዶልኛል።»

«ጉማሬ ሽማግሌ ሆነ እንዴ?»

«በክብደት እንኳ ይበልጥዎታል!»

አጥማጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። ዘካሪያስ ግን ከዳር ሳር ነጭቶ በሁለት እጁ ያዘና ከጀልባው ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«በል ግፋው። በላዬ ላይ ግፋው።»

ባርኮት የጀልባውን ጠርዝ እንደያዘ ቀረ።

«አጎቴ፣ ይነሡ። ጉልበትዎን ያምዎታል።»

«አሞኛል። ግፋ!»

ባርኮት መረቡን አውርዶ ዳር ጣለው። ከዚያ አጎቱን በብብቱ ይዞ አነሣው።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ታሪኩን ልጽፍ አስቤ ነበርና፣ ዘካሪያስን «በሕይወትህ ትልቁ ነገር ምንድን ነው?» አልሁት።

«ጉማሬውን አትጻፍብኝ እንጂ እነግርሃለሁ» አለ ጭቃውን እያራገፈ። «ከዚህ ሐይቅ ስንት ዓሳ እንዳወጣሁ እግዜር ይወቀው። ትልቁ ነገር ሳላወጣ የተውሁት ነው። እስከ ዛሬ ያበላን እሱ ነው።»