ሽቅብ የሚድኸው ፍቅፋቂ

አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ደረቅ ቅጠል ሲሚንቶ ላይ በንፋስ ሲገፋ የሚያሰማው ዓይነት ኮሽታ ከጀርባዬ ይመጣና፣ ዞሬ ከማየቴ በፊት አዳማ ያለው ቤታችን ጓሮ ውስጥ ራሴን አገኘዋለሁ። የብረት ፍቅፋቂ ላሜራ ላይ ሲድህ የሚያወጣው ድምፅ ነው።

አባቴ ከቤታችን ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተሠራ ክፍል ውስጥ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ የቶርኖ ማሽን ነበረው። በዓለም ጤና በኩል ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች የተሰበረ የውሃ ፓምፕ ያመጡለት ነበር፣ እሱም ጊዛ ከሚባለው ተሰባሪ ብረት አዲስ አካል እየቆረጠ ይተካላቸው ነበር። ጊዛ ሲቆረጥ እንደ ሻይ ቅጠል ደቅቆ ይረግፋል። አባቴ በየሰዓቱ ማሽኑን አቁሞ በአካፋ መዛቅ ስለሰለቸው፣ አንድ ክረምት ዱከም ውስጥ ከተዘጋ ፋብሪካ ያገለገለ ኮንቬየር፣ ማለትም ፍቅፋቂውን ከማሽኑ ሥር ተቀብሎ ሽቅብ ወስዶ በርሜል ውስጥ የሚጥል ማጓጓዣ፣ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። ሁለት ዓይነት አቅርበውለት ነበር። አንደኛው በሚታይ የብረት ሰሌዳ የሚጎትት ሲሆን፣ በሁለተኛው ላይ ግን ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም፤ ከላይ ለስላሳ ላሜራ ብቻ ነው። ለደቃቅ ጊዛ የሚሻለው ይሄ ነው ብሎ ሁለተኛውን መረጠ።

መጀመሪያ የተነሣ ዕለት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። እናቴ፣ እኔና የሰባት ዓመቷ እህቴ ሶሬቲ በሩ ላይ ቆመን እያየን፣ ፍቅፋቂው ማንም ሳይነካው ተሰበሰበ፣ ጸጉሩን እንዳቆመ አውሬ እሾህ እሾህ ሆኖ ቆመ፣ ከዚያም በዳገታማው ላሜራ ላይ ቀስ እያለ ሽቅብ መዳህ ጀመረ።

«በኢየሱስ ስም!» አለች እናቴ።

«ጋኔን አይደለም እኮ ሴትዮ፣ ማግኔት ነው!» አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። «ሶሬቲ፣ ኮቱ! ነይ እዪው።»

«እያየኝ ነው» አለች ሶሬቲ፣ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ።

አባቴ ማሽኑን አጥፍቶ የጎኑን ክዳን ፈታና አሳየን። ከላሜራው ሥር ካቴና ላይ የተደረደሩ ማግኔቶች ጥርስ ባለው መዘውር እየዞሩ ነበር ብረቱን ከታች የሚጎትቱት። እኔ ገባኝ፣ ደስም አለኝ። ሶሬቲም አየች፣ ግን አልረጋጋችም። መስከረም ላይ አባቴ የነሐስ ቡሽ፣ ማለትም ዘንግ የሚያልፍበት ቀለበት፣ መቁረጥ ሲጀምር፣ ነሐስ ማግኔት ስለማይስበው ቢጫው ፍቅፋቂ ባለበት ይቀር ነበር፣ ጥቁሩ ደግሞ በመሐሉ እየተሹለከለከ ያልፍ ነበር። ሶሬቲ በሩቁ ቆማ «ቢጫዎቹ የሞቱት ናቸው» ትለኝ ነበር።

በጋ ሲገባ የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሣ፣ ሽቦውን እያማታ፣ መብራቱን ያጠፋው ነበር። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይቆማል፣ አባቴም ማብሪያውን ሳያጠፋ እጁን ታጥቦ ይወጣል። ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፣ ከጓሮ ግን ማንም ከሌለበት ክፍል ያ ኮሽታ ይጀምራል። እናቴ ጉርሻዋን እጇ ላይ ይዛ ታዳምጥ ነበር። ሶሬቲ ግን መላ አበጀች፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሮጣ፣ የቢራ ሳጥን ላይ ወጥታ፣ የኮንቬየሩን ማብሪያ ታጠፋው ጀመር። አባቴ መብራት ሲመጣ የማይነሣ ማሽን እየፈታ ስንት ቀን ብልሽት ፈለገ! በመጨረሻ ያዛት።

«ሁለተኛ እጅሽን እዚህ ላይ ባይ፣ ወዮልሽ!»

በበልግ ገበሬዎቹ የፓምፕ ዘንግ ማምጣት ጀመሩ። ዘንግ የሚሠራበት ብረት እንደ ጊዛ አይረግፍም፣ እንደ ሽቦ እየተጠቀለለ ረጅም ሆኖ ይወጣል፤ ኮንቬየሩ ደግሞ የተመረጠው ለደቃቅ ነበር። የተጠላለፈው ጥቅል አፉ ላይ እየተሰካ ካቴናውን አላላው። አንድ ከሰዓት መብራት ሲሄድ አባቴ «አሁን ሙት ነው፣ ላጥብቀው» ብሎ ክዳኑን ፈታ፣ አስያዘኝና፣ እጁን እስከ አንጓው በካቴናውና በጥርሱ መሐል አስገባ።

«መጣ! መጣ!»

አምፖሉ ከራሳችን በላይ በራ፣ ቤት ውስጥ ሬዲዮው ብቻውን መናገር ጀመረ። የአባቴ ፊት ዐመድ መሰለ፤ ማብሪያውን እንዳልነካው ትዝ ብሎት ነው። እጁን መንቀል እንኳ ፈራ። እኔ ካቴናውን አየሁ። አልተንቀሳቀሰም። አባቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ አወጣ፣ ቀና ብሎም ማብሪያውን አየው፣ ጠፍቷል። ከሥሩ፣ ሳጥኑ ላይ፣ ሶሬቲ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች።

«አባዬ፣ አልነካሁም» አለች። «ሙት፣ አልነካሁም!»

አባቴ ፍቅፋቂው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ንኪው» አላት። «ሁልጊዜ ንኪው፣ ልጄ።»

አሁን እኔ ዱከም ባለ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ እነዚህኑ ማሽኖች እጠግናለሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ እየፈታሁና እየገጠምኩ የለመድኩት ሥራ ነው። ለአዲስ ማሽን ኮንቬየር ምረጥ ሲሉኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው ምን ብረት እንደሚቆረጥ፣ ፍቅፋቂውም ረጅም ወይም አጭር ሆኖ እንደሚወጣ ነው። ክዳን ከመፍታቴ በፊት ማብሪያውን አጥፍቼ በጓጉንቸር እቆልፈዋለሁ፣ ቁልፉም ኪሴ ይገባል። የዛሬዎቹ ማሽኖች መብራት ሲመለስ ሰው እስኪያስነሣቸው ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን እቆልፋለሁ። ባለፈው እሑድ አዳማ ሄጄ አባቴ ብርቱካን በቢላ ሲልጥልኝ ነበር። በልጅነቴ እጁ የት እንዳለ አስተውዬ አላውቅም፣ ሁልጊዜ የሚኖር ነገር ነበር። አሁን ግን ልጣጩ ተልጦ እስኪያልቅ ዓይኔን ከጣቶቹ ላይ አላነሣሁም።