የድሮ ቤዝቦል ተጫዋቾችና የዛሬው ክርክራችን

ዛሬ ቤዝቦል እያየን ስንከራከር የልጅ ልጄን «ሂጂ አያትሽን ጠይቂያት!» ብዬ ጮህኩባት። ባለቤቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት።

ነገሩ የተነሳው በእኔ ነው። የዛሬዎቹ ተጫዋቾች በዱላቸው አየር ይደበድባሉ፣ የድሮዎቹ ግን ኳሷን ሰማይ ነበር የሚሰዷት አልኩ።

ልጅቷ ሳቀች። «አባባ፣ ጉልበት እኮ አይደለም። የዴንቨር አየር ስስ ነው፣ ኳሱም ደረቅ ስለነበር ሩቅ ይበር ነበር። አሁን እርጥበት ያለው ክፍል ውስጥ ነው ስቶር የሚያደርጉት።»

ኳስ እንደ ጎመን እርጥብ ቦታ ይቀመጣል ስትለኝ እንዴት ልመን?

እኔና ባለቤቴ ከምንኖርበት ከአውሮራ በኮልፋክስ መንገድ አውቶቡስ ዴንቨር ስታዲየም እየሄድን በዓይናችን ያየነው ነው። ከእሷ ሌላ ምስክር የለኝም። ለዚያ ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

ልጅቷ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰችና «እሺ አባባ፣ የድሮዎቹ ይበልጣሉ» አለችኝ።

በዚህ ነገር ስንት ዓመት ስንጨቃጨቅ አንድ ቀን ለቃልኝ አታውቅም ነበር። ፊት ለፊት የሚሞግተኝ የቀረኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

መሸነፍ አውቅበታለሁ። ታዝኖልኝ ማሸነፍ ግን አንጀቴን ቆረጠው።

እናንተስ፣ እያወቀ የተረታላችሁ ሰው አለ? ያን ዕለት እንዴት ሆናችሁ?