ያቺ አንዲት ድምፅ

ባለፈው ፋሲካ ጅጋ ወላጆቼ ቤት ሄጄ ሳለ እማዬ ቁም ሣጥኗን ስታገላብጥ አንድ አሮጌ ዳንቴል መዘዘች። ጠርዙ ተበልቷል፣ መሀሉ ላይ የሻማ ጠብታ ደርቆበታል። ገና ሳየው ሳቄ መጣ። የቴሌቪዥናችን ልብስ ነበር። እኛ ልጆች አዲስ ልብስ በዓመት አንዴ፣ እሱም ከተገኘ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን የዘወትርም የክትም ነበረው። ይሄኛው የክቱ ነው። ትንሿ ልጄ "ቴሌቪዥን ልብስ ይለብሳል እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ ጠያቂ ነበርኩና ጥያቄዋን ወደድኩላት።

አባዬ የከብት ሐኪም ነበር። ከማንኩሳ እስከ ደምበጫ ባለው ገጠር በሬው ያበጠበት፣ ላሙ አልወልድ ያለችበት ሁሉ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። ወደ ቤት ሲገባ የመድኃኒትና የበረት ሽታ አብሮት ይገባል። እማዬ "መጀመሪያ እጅህን ታጠብ" ትለዋለች፤ እሱ ግን መጀመሪያ እኔን ይስመኛል። ዛሬም ያ ሽታ የሆነ ቦታ ሽው ካለኝ ልቤ ሙቅ ይላል። ስሙ ይርዳው ነው፣ በስሙ የምትጠራው ግን እማዬ ብቻ ነበረች። ለሌላው ሰው ሁሉ "ሐኪም" ነው።

በዘጠና ሰባት የምርጫው ወሬ ሲሟሟቅ አባዬ ለክልሉ ምክር ቤት በግሉ ተመዘገበ። የገፋፉት ገበሬዎቹ ናቸው። በተለይ ጎረቤታችን አያ ደምሴ፣ ጥንድ በሬዎቹን አባዬ ከሞት አፍ የመለሰለት፣ "ሐኪም፣ እርስዎ ያልወከሉን ማን ሊወክለን ነው?" እያለ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎት ነበር። የምርጫ ምልክቱ መሰላል ሆነ። አባዬ ነገሩን የያዘው የምሩን ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት መንደሮች ክረምት በገባ ቁጥር ከገበያም ከሐኪምም ይቆረጡ ስለነበር ድልድይ ሊያሠራላቸው ቆርጦ ተነሥቷል። እራት ላይ ስለ ድልድዩ ማውራት ከጀመረ ጉርሻው እጁ ላይ ይቀዘቅዝ ነበር።

ቴሌቪዥኑንም የገዛው በዚያው ሰሞን ነው። የፓርቲዎቹ ክርክር በቀጥታ ይተላለፋል ሲባል፣ "ሰው ሰምቶ፣ አይቶ ይምረጥ" ብሎ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አቅፎ አመጣው። አንቴናው ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ተሰቀለ። በሰፈራችን ከአንድ ሻይ ቤት በቀር ሌላ ቴሌቪዥን ስላልነበረ በክርክሩ ቀን ቤታችን ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ዱላው ደጃፍ ላይ ይደረደራል፣ ጋቢና ጫማ ይደራረባል። የላብ፣ የቅቤና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ተቀላቅሎ ሳሎኑን ያፍነዋል። እማዬ ዳንቴሉን በሁለት እጇ አንሥታ ስታጥፈው ሰው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

ለልጅ የሚተርፍ ቦታ ስላልነበረ እኔ የምቀመጠው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ክርክር ሰማሁት እንጂ አላየሁትም። ያየሁት የሚያዩትን ሰዎች ፊት ነው። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ይዘላል፤ አንዱ አፉን ከፍቶ ይረሳዋል፣ ሌላው ከተናጋሪው ጋር አብሮ ራሱን ይነቀንቃል። ሳጥኑ ውስጥ ምን ቢኖር ነው እነዚህን ትልልቅ ሰዎች እንዲህ የሚያደርጋቸው እያልኩ የጀርባውን ቀዳዳ በአንድ ዐይኔ አጮልቅ ነበር። ከሙቀትና ከአቧራ ሽታ በቀር ምንም አላገኘሁበትም።

ሽማግሌዎቹ ክርክሩን የሚያዩት እንደ ሽምግልና ነው። ለእነሱ ቴሌቪዥኑ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ተጣልተው እፊታቸው የቀረቡ ባለጉዳዮች ነበሩ። ፕሮግራሙ እንዳለቀ ማንም አይነሣም፤ ፍርድ ይሰጣል። ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ግብር ማን ምን እንዳለ ብዙም አያከራክራቸውም። የሰው ቃል ያቋረጠው ጥፋተኛ ነው። በጣቱ እየጠቆመ የተናገረው ጥፋተኛ ነው። ከእነዚያ ሁሉ መሀል አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ነበር፤ ሌላውን አስጨርሶ፣ ውሃውን ፉት ብሎ፣ መነጽሩን አውልቆ በዝግታ የሚመልስ። አያ ደምሴ ገና በመጀመሪያው ቀን "ይኸማ የሽማግሌ ልጅ ነው፤ ሲናገር እንኳ ድምጡ ቤት አይረብሽ" ብሎ ፈረደለት። ከዚያ በኋላ ባለመነጽሩ ሲናገር ሳል የያዘው ሰው እንኳ ደጅ ወጥቶ ይስል ጀመር።

ፍርዱ ሲያበቃ የአባዬ ተራ ይደርሳል። ከመቀመጫው ተነሥቶ ስለ ድልድዩ ማስረዳት ሲጀምር ግን ሰው ዱላውን መፈለግ ይይዛል። ያ ገበያ መሀል ቆሞ ስለ ክትባት ሲያወራ ሰው ከቦ የሚሰማው አባቴ፣ በገዛ ሳሎኑ፣ በገዛ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ትንሽ ሆኖ ይታየኛል። አያ ደምሴ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት "እርስዎንማ እናውቅዎት የለ፣ ሐኪም! ምን ብለው ይደክማሉ?" ይለዋል። አባዬ ይሄን እንደ ምስጋና ነበር የሚወስደው። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። አንድ ቀን እግሩን ይዤ ለምኜው ደጅ ወጥቶ በመስኮቱ ልክ ቆመ። እኔ የሰፈሩን ልጆች ሳሎን ውስጥ አስቀምጬ የመስኮቱን መጋረጃ እንደ ዳንቴሉ ከፈትኩት። አባዬ በመስኮቱ አራት ማዕዘን ውስጥ ሆኖ ስለ ድልድዩ ተናገረ። ያ ሁሉ ወፈፌ ልጅ ትንፍሽ ሳይል ሰማው። አባዬ ዐይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ፤ እማዬ ግን ከጓዳ በር ቆማ ስታየው አልሳቀችም።

የምርጫው ለት ሰልፉ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሮ መንገድ ደረሰ። እማዬና አባዬ ነጭ ለብሰው አብረው ተሰለፉ፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ነበር። ድምፅ ሰጥቶ የሚወጣው ሰው ግር ብሎት ነበር የሚወጣው። ባለመነጽሩ ለካ የሚወዳደረው አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ጋ ፓርቲውን የወከለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። አያ ደምሴ ጣቱ ላይ ያለውን ቀለም እያየ "እሱን ራሱን አጣሁት፤ ቢሆንም ምልክቱን አገኘሁለት" አለ። ለማን እንደሚናገር ልብ ያለው ከአባዬ ጋር ዐይን ለዐይን ሲጋጭ ነው። ድንግጥ ብሎ "ያው እርስዎንማ እናውቅዎታለን" አለና ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ።

ውጤቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲነበብ በእኛ ጣቢያ ለመሰላል የተሰጠው አንድ ድምፅ ነበር። አንድ! ሌላውም ጣቢያ ከዚያ ብዙ አልተሻለም። አባዬ ለታዛቢዎቹ እጅ ነሥቶ ወደ ቤት መጣና የበሬ መርፌዎቹን አውጥቶ መቀቀል ጀመረ። እኔ አልቅሼ ዐይኔ አብጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር ሳስታውስ እስካሁን ያስቀኛል። ሰው ለማጽናናት እንደ ለቅሶ ቤት መጉረፍ ጀመረ፤ እያንዳንዱም ቁጭ ሲል "ሐኪም፣ ያቺ አንዷ እኮ የኔ ናት" ይላል። አያ ደምሴ ሳይቀር! አባዬ ለሁሉም "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይመልሳል፣ እማዬም ለሁሉም ጠላ ትቀዳለች። ቦኖ ውሃ ላይ ግን ወሬው ሌላ ነበር። እንስራዬን ይዤ ተራ ስጠብቅ አንዷ ሴት "ያቺ አንድ የራሱ ናት፤ ለራሱ የማይሰጥ የለ። ምሽቱስ የት ሄደች?" ስትል ሰማኋት። ሌሎቹ ሳቁ። ስሙ እማዬ ላይ ወጣ፤ ባሏን ያልመረጠች። ገበያ ስትወጣ ይጠቋቆሙባታል። እየበረርኩ ሄጄ "አባዬን አልመረጥሽውም?" አልኳት። ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቋርጥ "ድምፅ ምስጢር ነው ብለው በቴሌቪዥን አስተምረውን የለ?" አለችኝ።

ፋሲካ ለት ይሄንን ሁሉ ለልጄ ስተርክላት አባዬ ከዶሮው በኋላ መከዳው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰፊው ቴሌቪዥን ተከፍቷል፤ ማንም አያየውም። ወንድሞቼ እያንዳንዳቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፣ አንዱ የሚያየውን ሌላው አያውቅም። ዛሬ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚቀመጥ ልጅ ቢኖር የሚያየው አናት ብቻ ነው። ልጄ ወደ አያቷ ዞራ "አባባ፣ ታዲያ ያቺ አንዷ የእርስዎ ናት?" አለችው።

አባዬ ቀና አለ። ወደ እማዬ አየ።

"የኔ ናት" አለች እማዬ፣ ዳንቴሉን እያጠፈች።

አንዷ የእሷ ከሆነች የአባዬ የት ሄደች? ነገሩ ሲገባኝ ከጀርባ ሆኜ ካየኋቸው ፊቶች ሁሉ አንዱ መጣብኝ። ባለመነጽሩ መነጽሩን ሲያወልቅ ከሁሉም በላይ ወደ ፊት ያዘነበለው፣ ከንፈሩ አብሮ የሚንቀሳቀሰው አባዬ ነበር። ያን ጊዜ ምን እያየሁ እንደነበር አላወቅሁም።

"ራስን መምረጥ ነውር መስሎኝ ነው" አለ አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ነውሩ ነው ወይስ ባለመነጽሩ?" አለችው እማዬ።

አባዬ እንደ ልጅ አፈረ። "ሰውዬው እኮ... ሲናገር አገር የሚያቀና ይመስል ነበር፣ አለሜ። እኔ ያለኝ አንድ ድልድይ ነው።" ከዚያ "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?" አላት።

"ውጤቱ ከተነበበ ጀምሮ።"

"ያን ሁሉ ሰው ሲያማሽ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"የኔን ብናገር ያንተ ይወጣ ነበር" አለችው።

አባዬ ተነሥቶ ዳንቴሉን ከእጇ ተቀበለና ቴሌቪዥኑን ሊያለብሰው ሄደ። የዛሬው ቴሌቪዥን ግን ቀጭን ነው፣ ጫንቃ የለውም። ዳንቴሉን ባኖረው ቁጥር ይንሸራተታል፤ አባዬም እያነሣ ደግሞ ያኖረዋል። እማዬ በመጨረሻ "ተወው፣ ይርዳው፤ ና ቁጭ በል" አለችው።